«ተኝታለች» የሚለው ቃል

— ሄሎ… አቤት፣ የእንስሳት ክሊኒኩ ነው። … እኔው ነኝ፤ ስልክ የማነሳዋም ወለል የምወለውለዋም። … ጋሼ ልብስ ሰፊው! እንዴት አደሩ? … ምነው ድምፅዎ? ጉንፋን ያዘዎት?

— እ? … ማን ደወለልዎ? ዶክተር ራሳቸው? … ምን አሉዎት?

— «ኪስ ተኝታለች።» … ይቺን ብቻ ብለው ዘጉት?

— ወይ ጉዴ! ይኼ ቃል፣ ጋሼ… አስራ አንድ ዓመት ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሮ አልወጣ አልገባ ያለኝ ቃል ነው። ዛሬ ደግሞ እርስዎን አስለቀሰብኝ! … ቆይ፣ ቆይ፣ ያዳምጡኝ። ውሻዎ ኪስ አልሞተችም። … አልሞተችም አልኩ እኮ! ተኝታ ነው። … ኧረ እንደዚያ ማለቴ አይደለም! እንቅልፍ! ዓይን የሚከደንበት እንቅልፍ!

— ሄሎ? … ይሰሙኛል? … ይኼ የሚንኳኳው ምንድነው? … የስፌት መኪናው? እያለቀሱ ይሰፋሉ እንዴ? … ምኑን?

— የምን ገበር? … ያ ሐር የመሰለው፣ ለሙሽራ ኮት ያስቀመጡት?

— መገነዣ። … ለኪስ። … ወይኔ ጋሼን!

— ዶክተር! … ዶክተር፣ ጓንቱን ያውልቁና ወዲህ ይምጡ! የሠሩትን ሥራ ይስሙ። ሰውዬው ለውሻይቱ መገነዣ እየሰፉ ነው። … አዎ፣ ይሳቁ! ቆመው ይሳቁ!

— አይ ጋሼ፣ እርስዎን አይደለም። … ባያምኑኝም አልፈርድብዎትም። … አውቃለሁ። የጡረተኛውን ዘበኛ ውሻ መቼ ረሳሁት? እሱንም ሞቶ ሳለ «ተኝቷል» ብለን ነው። … ማን አለ? እኔ ነኛ! በዚሁ አፌ፣ በዚሁ ስልክ።

— ልንገርዎት? … እዚህ ግድግዳው ላይ፣ ከስልኩ ከፍ ብሎ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። ዶክተር የሥራ አመራር ሥልጠና ሄደው ይዘውት የመጡት ነው። «የደንበኛ አያያዝ» ይላል ከላይ። እኔ እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው የገፋሁት፤ ፊደል በፊደል ለቅሜ አነበብኩት። «ለደንበኛ ሞተ አይባልም፣ ተኝቷል ይባላል። ደንበኛ እንዳይሸሽ።» … እውነቴን ነው! ማኅተም ሁሉ አለው።

— እና ያን ቀን ለዘበኛው ደወልኩላቸው። ውሻው ተኝቷል አልኳቸው። … ምን ያድርጉ? አመኑኛ! ብርድ ልብስ በብብታቸው ሸጉጠው መጡ። ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ፣ ኮቴያቸው እንዳይቀሰቅሰው። ከዚያ እዚህ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ውጪ ያካፋል… መስኮቱ በእንፋሎት ደብዝዟል… እሳቸው በካልሲያቸው፣ ብርድ ልብሱን እንደታቀፉ፣ በሹክሹክታ «ገና ነው?» ይሉኛል። ስወለውል እግራቸውን ያነሱልኛል፤ ደግሞ «ገና ነው?» ይላሉ። … ዶክተር? ዶክተርማ በጓሮ በር ወጡ። … እኔው ነገርኳቸው። ከምሳ በኋላ። ግማሽ ቀን ሙሉ ሲጠብቁ እያየኋቸው ነበር፣ ጋሼ። …

— አልተቆጡኝም። ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ሄዱ። … አዎ፣ በዚያ ዝናብ። ያኔም ኮቴ እንዳያሰሙ ይጠነቀቁ ነበር።

— ዶክተር፣ እጅዎን አያወናጭፉብኝ! ያልሆነ ነገር ተናገርኩ?

— የት ነበርኩ? … እህ። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ ነቃብን። «ተኝቷል» ካልን ሰዉ አካፋ ፍለጋ ነው የሚሄደው። ባለፈው አንዷ ድመቷን አምጥታ፣ «ለምርመራው ትንሽ ትተኛለች» ብላት፣ ድመቷን አቅፋ በመስኮት ልትወጣ! … እሰይ፣ ሳቁ። ትንሽ ይሳቁ።

— አሁን ዝም ብለው ይከተሉኝ። ስልኩን ይዤ ወደ ውስጥ እየገባሁ ነው፣ ገመዱ ይደርሳል። … መጋረጃው ተዘግቷል። መብራቱ የቀጠነ ሻይ ይመስላል። እዚህ ስገባ ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ የገባሁ ነው የሚመስለኝ፤ የመንገዱ ጩኸት እንኳ ከሩቅ፣ ከላይ ነው የሚሰማው። … ይቺውና ኪስ። ሆዷ በፋሻ ተጠቅልሏል። አንድ ጆሮዋ ተገልብጦ ውስጡ ይታያል፣ ሮዝ ነው። … እግሯ እየተንቀሳቀሰ ነው ጋሼ! በህልሟ ትሮጣለች። … እኔ ምን አውቄ ወዴት እንደሆነ? ወደ እርስዎ ይሆናላ።

— የዋጠቻቸው የኮት ቁልፎች? ሦስቱም ወጥተዋል። ሳህን ላይ ናቸው፣ ትልልቅ፣ ቡናማ። … እንግዲህ ባለ ኮቱ ደረቱን ከፍቶ ይሂድ!

— ስልኩን አፍንጫዋ ሥር ላስጠጋው ነው። ምንም አይናገሩ። …

— …

— ሰሙ? … ቆይ፣ እንደገና። …

— …

— ታንኮራፋለች አይደል? … እንደ ሽማግሌ! ሞቶ የሚያንኮራፋ የት አይተዋል? … ጋሼ? … ሄሎ? … እሺ። እሺ፣ አሁን ያልቅሱ። ይኼኛው ደህና ለቅሶ ነው። እኔም እጠብቅዎታለሁ።

— … ገበሩን? አይተርትሩት! አፉን ሳይዘጉ ጥጥ ይሙሉበት፣ ትራስ ይሆናታል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይዘውት ይምጡ። ስትነቃ የእርስዎን ሽታ ካላገኘች ፋሻውን ትበላብኛለች።

— አንዴ ይቆዩኝ፣ ወደ ግድግዳው ልመለስ። አይዝጉት። … ዶክተር፣ ወንበሩን ይያዙልኝ። … ልወጣበት ነዋ! … የምን «ተይ» ነው? አስራ አንድ ዓመት ተውኩት አይደለም እንዴ? … ጠበቅ አድርገው ይያዙ፣ ብወድቅ ደግሞ «ተኝታለች» ሊሉኝ ነው። …

— ሰሙ ጋሼ? ሲቀደድ? … ወረቀቱ ነዋ! … እሳቸውማ ወንበሩን እንደያዙ ቀርተዋል። ደንበኛ ይሸሻል ነው የሚሉት። … ይሽሽ! ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ስልክ የሞተው ሞተ ነው የሚባለው፣ የተኛው ተኛ። ካልተስማማዎት ስልኩን እርስዎ ያንሱ ብያቸዋለሁ። …

— አዎ፣ እየሳቁ አይደለም አሁን። ዘበኛው የተቀመጡበትን አግዳሚ ነው የሚያዩት።

— አልጣልኩትም። ይኸው ወደ ውስጥ ተመልሼ፣ እጥፍጥፍ አድርጌ ከኪስ አገጭ ሥር አነጠፍኩት፣ ለሃጯን እየጠጣላት ነው። አንድ ቀን እንኳ ለደንበኛ ይጥቀም! … ዘበኛው በሱቅዎ በኩል ካለፉ ይንገሯቸው፣ ጋሼ። ያ ወረቀት ወረደ ይበሏቸው። እኔ እንዳወረድኩት። …

— እሺ። … እሺ፣ ዘጠኝ ሰዓት። ይዝጉት በሉ፣ ግን ቀስ ብለው። … ለምን?

— ተኝታለቻ።