ባለባርኔጣው ጎረቤቴ

አሜሪካ፣ ማርልቦሮ የምትባል ከተማ፣ ልጄ ቤት ሳለሁ ጎረቤታችን፣ ሽማግሌው ፈረንጅ፣ ካንትሪ የሚሉት የአገራቸው ባላገር ዘፈን ያለበት ሲዲ ይዘው መጡ። ልጄ «አባባ፣ ወጣት ዘፋኞች ለድሮ ዘፋኞች መታሰቢያ ያወጡት ነው» አለችኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ መታሰቢያ ስትል የሞቱ መሰለኝ። ሽፋኑ ላይ ባለባርኔጣ ጎልማሳ አየሁና ጣቴን አሳርፌ «ነፍስ ይማር» አልኩ።

«ኧረ አባባ፣ እሳቸው እኮ ናቸው፣ በጉብዝናቸው ዘፋኝ ሳሉ።»

ሰውዬው ምን አለ ብለው ጠየቁ። ልጄ ደንግጣ «መረቀዎት» አለቻቸው። ፈገግ ብለው «አሜን» አሉ።

በሦስተኛው ቀን ሞቱ። ለቅሶ ስንደርስ ሚስታቸው ሲዲውን ይዘው ወደ እኔ መጡና ለልጄ አንድ ነገር ነገሯት። ልጄ አቀረቀረች።

«ምን አሉ?»

«ያን ቀን የመረቋቸውን ይድገሙልኝ ነው የሚሉት።»

ጣቴን ፎቶው ላይ አሳርፌ ደገምኩት። ልክ እንደ ባላቸው ፈገግ ብለው «አሜን» አሉ።