የበዓሉ ደጋሽና የሰባት ዓመት ውዝፍ

ማክሰኞ ጠዋት ዓሣ ገዝቼ ስመለስ፣ ወዳጄን ዳቦ ጋጋሪውን ፐርፌክቶን ከገበያው ጀርባ በጭቃው በኩል ሲጣደፍ አገኘሁት። ዋናው መንገድ ደረቅ ነው፤ ግን በማዘጋጃ ቤቱ ፊት ያልፋል። በማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ደግሞ የቤትና የቦታ ግብር ያልከፈሉ ሰዎች ዝርዝር ተለጥፏል፤ የፊታችን ሰኞ ቤታቸው በሐራጅ ይሸጣል። ከላይ ሦስተኛው የፐርፌክቶ ሟች አባት ስም ነው። በቤቱ የሚኖረው ግን ፐርፌክቶ ነው።

ወዴት እንደሚሄድ ብጠይቀው አሳማ ሊያዝዝ ነው። የዘንድሮው የከተማችን ጠባቂ ቅዱስ በዓል ደጋሽ እሱ ስለሆነ ሦስት ሙሉ አሳማ ሊያስጠብስ፣ ከኢሎኢሎ ከተማ የሙዚቃ ባንድ ሊያስመጣ ተነሥቷል። እስቲ ፍረዱኝ። ቤቱና ምድጃው ሊሸጥ ስድስት ቀን ቀርቶት ሰውዬው አሳማ ይመርጣል። እኔ አርባ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ አርፎ መቀመጥ አልችልም። ክንዱን ይዤ ወደ ዳቦ ቤቱ መለስኩት።

እዚያ የእህቱ ልጅ ጄኔሊን ቆማ ጠበቀችን። ያሳደጋት እሱ ነው፤ አሁን በኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ ናት። ዝርዝሩን አይታ ከሥራ አስፈቅዳ መምጣቷ ነበር።

ፐርፌክቶ አልቀመጥ አለ። የተነፋ ዱቄት መልሶ ይነፋል፣ የተጠረገ ጠረጴዛ ይጠርጋል። ወረቀቱ የሚመጣው በአባቱ ስም ስለሆነ ዕዳው የሟቹ ነው ብሎ ተከራከረ። ያ አላዋጣ ሲለው፣ ማዘጋጃ ቤቱ ደጅ የሚቆም አንድ ደላላ ፋይሉን አጠፋልሃለሁ ብሎ አምስት ሺህ ፔሶ እንደወሰደበት አወጣ። ደላላው ከአምና ወዲህ ታይቶ አይታወቅም።

ጄኔሊን እስኪጨርስ ታገሠችው።

«አጎቴ፣ አያቴን ከቀበርናቸው አሥራ አንድ ዓመት ሆነ። ሐራጁ ከቤት የሚያስወጣው እርስዎን ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ገንዘብ ያዥ ዘንድ ይቅረቡና የሰባት ዓመቱን ውዝፍ በየወሩ ከፋፍለው ለመክፈል ውል ይፈርሙ። የመጀመሪያውን እስከ ዓርብ ከከፈሉ ቤቱ ከዝርዝሩ ይወጣል። ጠይቄ ነው የመጣሁት።»

«እኔ የበዓሉ ደጋሽ፣ እዚያ አግዳሚ ላይ ተጎልቼ በትንሽ በትንሹ ልክፈል ብዬ ልለምን? አገር እያየኝ? ይሽጡት።»

አፉ ይሽጡት ይላል፣ እጁ ግን የምድጃውን ጡብ ይዳብሳል። አሳዘነኝም አናደደኝም። ትምህርት የሌለው ሰው ከመንግሥት ጋር የሚፈራረመው ሲሸነፍ ብቻ ይመስለዋል።

«ዱቄቱን ከነጋዴው የሚወስዱት በየሳምንቱ እየከፈሉ አይደል?» አለች። «ያፍራሉ?»

«ያ ንግድ ነው።»

«እሺ። ዳቦ በዱቤ ከሚወስዱት ሰዎች ማንን ያከብራሉ?»

«ልብስ ሰፊዋን ነዋ» አለ ሳያስብ። «ሲያጥራት ራሷ መጥታ፣ ዛሬ ይኼን ያዝ፣ የቀረውን ቅዳሜ ትለኛለች። ያ ዓሣ አጥማጅ ግን እኔን ላለማየት በባሕሩ ዳር ዞሮ ነው የሚሄደው። እሱንማ ሰው ብዬ...»

እዚያ ላይ ቃሉን አቋርጦ ጫማውን አየ። እስከ ቁርጭምጭሚቱ የጠዋቱ ጭቃ ነበር። ከዚያ ወንበር ሳበና ተቀመጠ።

«በወር ስንት ይደርስብኛል?» አላት።

ከዚያ በኋላ ሒሳቡ ተሠራ። የአሳማዎቹና የባንዱ ገንዘብ የመጀመሪያውን ክፍያ ይሸፍናል፤ የቀረውን ዳቦ ቤቱ በሃያ ሦስት ወር ይጨርሰዋል። ስለ ቤቱ ካደረገው ክርክር ይልቅ ስለ ባንዱ ያደረገው በለጠ፤ ቢያንስ ከበሮው ይምጣ እያለ እስከ ቀትር ለመነን። እኛም እምቢ አልን።

ረቡዕ ፈረመ። በበዓሉ ቀን ገበታው ላይ ሩዝ፣ የተጠበሰ ኑድልና የገዛ ዳቦው ነበር። አማቱ አሳማው የታለ ብላ ስታጉረመርም ብድግ አለ።

«አሳማው ግብር ሆኗል» አለ። «ሃያ ሦስት ወር ቀርቶኛል። ዳቦ ብሉ።»

አንዳንዱ ሳቀ። ከሳቁት ሁለቱ በማግሥቱ ዳቦ ቤት መጥተው ውሉ እንዴት እንደሚፈረም በሹክሹክታ ጠየቁት። ጥቅሙን ለመቁጠር ብዙ መማር አያስፈልግም፤ ቤቱ አልተሸጠም፣ የመዘግየት ቅጣቱ በላዩ መቆለሉን አቆመ፣ ወረቀቱም ወደ ስሙ እየዞረ ነው፤ ነገ ጄኔሊን የሟች ዕዳ አትወርስም። ፐርፌክቶ ራሱ የሚለው ግን፣ በሩ ሲንኳኳ አልደነግጥም ነው።

እኔስ? አንድ ነገር ደብቄአችኋለሁ። በዚያ ዝርዝር አሥራ አራተኛው ስም የእኔ ነበር። ረቡዕ ፐርፌክቶን ሊፈርም እስከ ማዘጋጃ ቤቱ ሸኝቼው፣ ቢሮው ይሞቃል ብዬ ደጅ የቀረሁት ለዚሁ ነው። ገንዘብ ያዡ አራተኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ ቤት ሥራ ባልሠራ ቁጥር አቁሜ አሳፍረው ነበር። በዚያው ሳምንት ዓርብ፣ ቢሮው ሊዘጋ ሲል፣ ጡረታዬን በኪሴ ይዤ ገባሁ። እሱ ከመቀመጫው ተነሣ፣ ወንበሩን ወደ እኔ ገፋ አደረገና «ይቀመጡ፣ መምህር» አለኝ።

ተቀመጥኩ።