ማርከሻ የሌለው ጥናት

እንዴት አደሩ፣ እመት አምለሰት? አቶ ወንዳወቅስ እግራቸው ትንሽ አስተኛቸው? እሰይ፣ ተመስገን። እኔማ አንገቴ ደርቆ ነው ያደረው። ይሄ የአስታማሚ ወንበር ሠላሳ ዓመት ደምበጫ ሳስተምር ከተቀመጥኩበት ወንበር ይብሳል፤ ያኛው ቢያንስ በየአርባ ደቂቃው ደወል ተደውሎ ያስነሣኝ ነበር።

ቡሬስ እንዴት ነው? በርበሬው ተለቀመ? … ልጆቹ ካሉ ጥሩ ነው። ዘንድሮ ዝናቡ መሄጃውን ረሳው መሰለኝ፤ ኅዳር ገብቶም ከሰዓት ከሰዓት ያጉረመርማል። ከተሰጣ በኋላ ካገኘው ደግሞ ይሻግታል… እንጃ፣ እናንተ ታውቃላችሁ። የኔ እርሻ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ነበር።

ሻይዎን ይጠጡ፣ እንዳይቀዘቅዝ። ዶክተሯ ከዚያ ጥግ ገና መጀመራቸው ነው፤ እኛ ዘንድ እስኪደርሱ አምስት አልጋ አለ። አምስት አልጋ ብዙ ጊዜ ነው። ሰው ማሰብ ከፈለገ በአምስት አልጋ ውስጥ ብዙ ያስባል።

እህቴ? አልጣሽማ እንዳዩዋት ናት። ፊቷ እንዳበጠ ነው። ስሟን ስጠራ ዓይኗን ገለጥ ታደርግና መልሳ ትሄዳለች። ልጇ ግን ምን ይወጣለታል! ይኸው በመስኮቱ በኩል ቆሟል፤ ሦስት ቀን ሙሉ ከአጠገቧ አልተለየም። ስልኩም ከእጁ አልተለየም። ሁለቱን እኩል ነው የሚያስታምመው። ስልኩ ደኅና ነው፤ ሌሊቱን ተሰክቶ አድሮ ጠዋት ሞልቶ ተነሣ።

ይሄንን ልጅ ባየሁ ቁጥር አንድ የማውቀው ሰው ትዝ ይለኛል። ኧረ እሱ አይደለም! ሌላ ሰው ነው። እዚህ ቆሞ የሚሰማ ሰው ማማት ነውር አይደል? የማወራው ስለ ሌላ ነው። ድምፄ ከፍ ካለብዎት ይታገሡኝ፤ የመምህር ጉሮሮ ነው፣ መጨረሻ ወንበር የተቀመጠው ካልሰማ ያስተማርኩ አይመስለኝም።

ትናንት ስለ ወጌሻው የነገሩኝን ሳስብ አደርኩ። ክንዱ ነው ያሉኝ ስማቸው? የአቶ ወንዳወቅን እግር ገልጠው ገና ሲያዩ «አጥንቱ ሥጋውን ቀዶ ወጥቷል፤ ይሄ የኔ አይደለም፣ ቶሎ ውሰዱት» አሉ አይደል? ምን ዓይነት ሰው ናቸው? አርባ ዓመት ሲያሹና ሲያስሩ ኖረው «የኔ አይደለም» ይላሉ? አንድ ነገር ሳይሞክሩ? ያ የማውቀው ሰው ቢሆን እኮ እንዲህ ባዶ እጅዎን አይሸኝዎትም ነበር። ስልኩን ያወጣል፣ በጣቱ ወደ ላይ ይገፋል፣ ወደ ታች ይገፋል፣ ከዚያ «በቅርቡ የወጣ ጥናት እንደሚያሳየው…» ብሎ ይጀምርልዎታል። አቶ ወንዳወቅም ይኼኔ አልጋ ይዘው አይቸገሩም ነበር። ማረፊያቸው ሌላ ቦታ ይሆን ነበር።

ጥናት ሲወድ! እንደሱ ጥናት የሚወድ ሰው አላየሁም። ማንበቡን አላልኩም፣ መውደዱን ነው። የሚያነበው ርእሱን ነው። ርእስ ደግሞ አያሳፍርም፤ ርእስ ላይ ያለ ቅጠል ሁሉ ያድናል። ሁለተኛ ዲግሪም አለው፣ በመሬት አስተዳደር። ምን ይስቃሉ? ያንን ሁሉ መሬት ያስተዳደረ ሰው አንዲት ኩላሊት ማስተዳደር ያቅተዋል?

እናት አለችው ይህ ሰው። አልጣሽን ትመስላለች፣ ዕድሜዋም እንደሷ ነው። ግፊት አለባት። ስድስት ዓመት በየጠዋቱ አንዲት ክኒን ትውጥ ነበር፣ የምትውጠውም ከግሽ ዓባይ በመጣ ጸበል ነው። አባ ክንፈሚካኤል የሚባሉ የነፍስ አባቷ «ጸበሉንም ጠጪ፣ ክኒኑንም ዋጪ፤ ሁለቱንም የሰጠሽ አንዱ ነው» ብለዋታል። እሳቸው እንግዲህ ዳዊትና ድጓ እንጂ ኢንተርኔት አያውቁም፣ ምን ያድርጉ? ስድስት ዓመት ጸበልና ክኒን አንድ ሆድ ውስጥ ሲኖሩ አንድ ቀን ተጣልተው አያውቁም። ልጁ መጥቶ አጣላቸው።

«እማዬ፣ ስድስት ዓመት ኬሚካል!» አላት። ደነገጠች። ማን አይደነግጥም? ልጇ ነው፣ የተማረ ነው፣ የሚላትም ከፍቅር ነው። እሱ ላይ ጥርጥር የለኝም፣ ይወዳታል። ሳይወዳት ቢሆን ኖሮ ደኅና ትሆን ነበር።

እሷ ግን ገበሬ ናት፣ አንድ ነገር ሳትጠይቅ አትለቅም። ወንድም አላት፣ ሽማግሌ፣ ተምሬአለሁ ባይ። ስልክ ደወለችለት። «ልጄ ክኒኑን ተዪ ይለኛል፣ ምን ትላለህ?» አለችው። ያ ወንድም ምን ቢላት ጥሩ ነው? «ልጅሽ የሚለውን ያውቃል» ብሎ ዘጋው። ኳስ እያየ ነበር አሉ። … አዎ። ያ ወንድም የት እንዳለ አላውቅም። ዛሬ የሚተኛ አይመስለኝም።

እና ክኒኑን አስጥሎ ቅጠል ያስጠጣበትን ያንን ጥናት እኔ አግኝቼ አነበብኩት። እዚሁ ፍኖተ ሰላም ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሜ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ አሥራ አራት ገጽ። ጥሩ ሥራ ነው፤ የሠሩት ሰዎች ምንም አላጠፉም። ሃያ አራት አይጦች ናቸው። ቅጠሉን ጠጡ፣ ግፊታቸው ወረደ። ደስ ይላል፤ አይጥ ደግሞ ግፊቷ ቢጨምር አይፈረድባትም፣ ድመት ባለበት አገር ነው የምትኖረው። መጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርሱ ግን፣ መጠኑ የበዛላቸው አይጦች ኩላሊታቸው ተጎድቶ ተገኝቷል፣ ሰው ላይ ከመሞከሩ በፊት ገና ብዙ መጠናት አለበት ይላል። በግልጽ ነው የተጻፈው። ያ ሰው ግን ትሑት ነው፣ የመጨረሻውን ገጽ አልደፈረውም። እኔም ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ጎበዝ ነበረኝ፤ ጥያቄው ተነቦ ሳያልቅ እጁን የሚያወጣ። አንጎሉ ፈጣን ነው ብዬ ጭንቅላቱን ዳበስኩት። ያኔ መዳበስ አልነበረብኝም።

ቅጠሉ ብቻ ቢሆን እኮ ባልከፋ። አንዷን ከጥናቱ ወሰደ፣ ሁለት ደግሞ ከራሱ ጨመረ። ለምን ሲሉት «ተባብረው ይሠራሉ» አለ። ማን አስተባበራቸው? በምን መጠን? አይታወቅም። በሁለት ሊትር ሃይላንድ ዘፍዝፎ ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ብርጭቆ። ክኒኑ ወደ ቆሻሻ፣ ሃይላንዱ ወደ ራስጌ።

ሦስት ሳምንት ሆነ። ፊቷ ሞላ። ጉንጯ ወጣ። ያ የተጨማደደ አንገት ተወጠረ። ጎረቤቱ ሁሉ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ወፈርሽ፣ አማረብሽ፣ ምን አገኘሽ?» እኛ አገር መቼም ሰው ከሞላ ተሻለው ነው። ልጁም ደስ አለው። ቴሌግራም ላይ ገጽ አለው፣ አራት ሺህ ሰው የሚከተለው። እናቱን በር ላይ አስቀምጦ ቀረጻት፤ ክኒን ካቆመች ሦስት ሳምንቷ እንደሆነ፣ ተፈጥሮ እንዴት እንዳፈካት አስረዳ። እሷም እያፈረች፣ ነጠላዋን እያስተካከለች ሳቀች። ስንቱ ልብ ላከላት! «እናታችን አማረባት» ብለው ጻፉ።

እብጠት ነበር፣ እመት አምለሰት። ኩላሊቷ ውኃውን ማስወጣት አቅቶት በቆዳዋ ሥር እያጠራቀመው ነበር። አራት ሺህ ሰው አይቶ ያደነቀው እሱን ነው። ቪዲዮው አሁንም አለ፤ ከሥሩ «ለእናቴም ላክልኝ» የሚል በዝቷል።

… አቶ ወንዳወቅ ውኃ የፈለጉ መሰለኝ። … እሺ፣ ቀና ያድርጓቸው። ሦስት አልጋ ቀራቸው ዶክተሯ።

ሰከላ በኩል ስመኘው የሚባሉ ሰው ነበሩ። ፊደል አልቆጠሩም፤ ሰዉ በጀርባቸው ቅጠል በጣሽ ይላቸው ነበር። አባቴን ኮሶ አጠጥተውት አይቻለሁ፣ ልጅ ሆኜ። አጠጥተው አይሄዱም ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ከራስጌው ተቀምጠው ዓይኑን ያያሉ፣ ላቡን ይነካሉ። ከጎናቸው ማርከሻው አለ፤ መድኃኒቱ ከበረታ ኃይሉን የሚሰብርበት። ማርከሻውን ሳያዘጋጁ መድኃኒቱን አይነኩትም። የቅጠሉን ስም ለሰው አይናገሩም፣ የአባት ምስጢር ነው። ግን አንድ ጊዜ አንዲት አራስ መድኃኒታቸው ከብዶባት ጤና ጣቢያ ስትወሰድ፣ እሳቸው በእግራቸው ከኋላ ተከትለው ሄደው ለነርሷ በጆሮዋ ስሙን ነገሯት። «ምስጢሬ ቢወጣ ይሻለኛል» አሉ። ምን ያድርጉ፣ ሁለተኛ ዲግሪ የላቸውም።

ያ የማውቀው ሰውስ? እናቱ ሆስፒታል ገባች። የትኛው? አንዱ ነው እንግዲህ፤ ሆስፒታል ሁሉ ይመሳሰል የለ፣ አልጋው ብረት፣ ግድግዳው ግማሹ ሰማያዊ። ሐኪሟ ትናንት ጠየቀችው፤ እንደኛ ዶክተር ጨዋ ናት። «ማንም አይቆጣህም። አንደኛዋን ቅጠል አጎትህ… ማለቴ ወንድሟ ነግሮናል። የሁለቱን ስም ብቻ ንገረኝ። ኩላሊቷን የጎዳው የትኛው እንደሆነ ካወቅን የምንሰጣትንም የማንሰጣትንም እናውቃለን፤ ካላወቅን በጨለማ ነው የምንሄደው» አለችው። እሱ ምን አለ? «ዝንጅብል ነገር ነው።» ዝንጅብል! ሴትዮዋ ዓይኗን መግለጥ አቅቷት፣ ሰውነቷ ተወጥሮ፣ ዝንጅብል!

ለምን ይመስልዎታል? ክፉ ሆኖ አይደለም። ቅዳሜ ንግግር አለው። አዳራሽ ተይዞለታል፣ ሰው ተጠርቷል፣ ወረቀቱ በየግድግዳው ተለጥፏል። ወረቀቱ ላይ ያለው የእናቱ ፎቶ ነው፣ ያኔ ያማረባት ጊዜ። እንግዲህ የተፈወሰችው ሴት ታማ ተኝታለች ቢባል ቅዳሜ ምን ይሆናል? ስንት ሰው ያዝናል! ስለዚህ ሳይናገር ቀኑን ይቆጥራል። እሷም ሳትናገር ትተኛለች። ቤተሰቡ ሁሉ ምስጢር ጠባቂ ነው።

እኔ ግን አንዳንዴ እንዲህ እላለሁ… ቢናገር ማን ይስቅበታል? እኔ አልስቅበትም። ያ ኳስ የሚያየው ወንድሟም አይስቅበትም፤ ከሱ የሚሻል ሆኖ አይደለምና። ሁለት ስም ነው። ሁለት የቅጠል ስም ለመጥራት ስንት ትንፋሽ ይበቃል? ተናግሮ ቢያለቅስ እኔ ራሴ አቅፈዋለሁ፣ ቅዳሜንም ሄጄ በሩ ላይ ቆሜ «ዛሬ የለም፣ እናቱን እያስታመመ ነው» እላለሁ። ይሄ እኮ ከንግግር ሁሉ የበለጠ ንግግር ነበር…

አንድ አልጋ ቀረ።

… ደኅና አደሩ ዶክተር። አዎ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሽንቷ ከግማሽ ብርጭቆ አልበለጠም። ትንፋሿም አጥሯል። … እኔ የማውቀውን ትናንት ተናግሬያለሁ፤ የቀረውን የሚያውቀው ልጇ ነው። ይኸው አለ። ቀረብ በል ልጄ። ስልኩን ኪስህ ክተተው። ዶክተር የሚጠይቁህ አለ።

…

አይዞህ። እናትህ ናት።

…

«ሌላ ምንም አልነበረበትም።» እሺ። ጻፉት ዶክተር፣ ሌላ ምንም አልነበረበትም ይላል። … ባሕር ዳር? ዛሬውኑ? ኩላሊቷን በማሽን… ገባኝ። እስክትደርስ ድረስ ትቆያለች? … ገባኝ። ልብሷን እሰበስባለሁ።

ልጁ የት ሄደ? ስልክ መጣለት። ይሁን፣ ከበሩ ውጭ ነው፣ ይሰማል።

አያልቅሱ እመት አምለሰት። ያንን የማውቀውን ሰው ነገር ክፉ ክፉውን ብቻ አውርቼ ልተው? ደግ አይደለም። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት፣ ወሯ ገብቷል፣ የመጀመሪያቸው ነው። እስቲ እንመርቀው።

ወንድ ልጅ ይስጠው። ይደግለት፣ ይማርለት፣ ዲግሪውን ይደራርብለት። አባቱን አብልጦ የሚወድ ይሁን። አባትየው አርጅቶ አልጋ ላይ ሲውል፣ አንደበቱ ተይዞ አልናገር ሲል፣ ሐኪም መጥቶ «ምን ነክቶት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ከራስጌው ቆሞ በሱ ፈንታ የሚመልስለት… ሌላ አልመኝለትም፣ ከሱ የተሻለም አልመኝለትም፤ ቁርጥ እሱን የመሰለ ልጅ ይስጠው።

አሜን ይበሉ።