የጋሽ መለያ ዜና ሕይወት፣ ሳይታተም ከቀረው ገጽ ጋር

የዛሬውን ሐዘን ልትካፈሉ ሥራችሁን ትታችሁ፣ መንገድ ሳትሉ፣ ፀሐይ ሳትሉ እዚህ የተገኛችሁ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች፤ የምንሸኛቸውን የጋሽ መለያን የሕይወት ታሪክ የሚያነብላችሁ ታላቅ ወንድማቸው ነው። በየወንበራችሁ ላይ ያገኛችሁትን ባለ ሁለት ገጽ ወረቀት ጽፎ ያሳተመውም እሱው ነው። ወረቀቱን እያያችሁ የምትከተሉ ካላችሁ ግን፣ መሐል ላይ ስንደርስ የሚነበበው ከያዛችሁት ጋር አይገጥምምና ማተሚያ ቤቱን አትውቀሱ፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ በቦታው ይነገራል።

ጋሽ መለያ ከስድሳ ሁለት ዓመት በፊት፣ የመኪና መለዋወጫ መጋዘን ኃላፊ ከነበሩት አባታቸውና ልብስ እየሰፉ ቤቱን ይደጉሙ ከነበሩት እናታቸው፣ ለቤቱ ሁለተኛና የመጨረሻ ልጅ ሆነው ተወለዱ። አባታቸው በመጋዘኑ ውስጥ ያለች አንዲት ብሎን እንኳ ስምና ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን በሽቦ ካልታሰረላት እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው ስለነበሩ፣ ልጃቸውም ፊደል ከለዩበት ዕለት ጀምሮ ይህንኑ ጠባይ ወርሰው ወደ ቤት አስገቡት። ሰባት ዓመት ሳይሞላቸው የታላቅ ወንድማቸውን አዲስ ጫማ በማይለቅ ቀለም “ግራ” እና “ቀኝ” ብለው ጽፈውበት፣ ወንድማቸው ሌላ ጫማ ስላልነበረው ያንኑ አድርጎ ትምህርት ቤት በመሄዱ ለአንድ ወር የክፍሉ መሣቂያ ሆኖ ከርሟል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት እንደደረሰ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ሁለተኛ ደረጃ በጥሩ ውጤት ካጠናቀቁ በኋላ፣ በሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማ አግኝተው በአንድ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት ተቀጠሩ። ባለቤታቸውን የተዋወቁት በዚያው ዘመን፣ በመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ተጣሟል ብለው ሊመልሱ በሄዱበት መድኃኒት ቤት ሲሆን፣ የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ የነበሩት የዛሬዋ ባለቤታቸው እየሣቁ ልጥፉን አቃንተው ሰጧቸው፤ በዓመቱም ተጋቡ። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተው፣ ከስኳር ዕቃ እስከ መብራት ማጥፊያ ድረስ ስም ያልተለጠፈበት ነገር በሌለበት ቤት አሳደጉ። ልጃቸው እጮኛዋን ልታስተዋውቅ ያመጣች ዕለት እናቷ በር ላይ ተቀብለው “ግንባርህን ጠብቅ፣ ይለጥፍብሃል” ማለታቸው እስከ ዛሬ ያሥቀናል።

በአርባ ስምንት ዓመታቸው ድርጅቱ ሲዘጋ ወደ አንድ ትልቅ ኩባንያ ተዛወሩ። ኩባንያው ሥራውን የሚያካሂድባቸው ኮምፒውተሮች በግቢው ውስጥ የሉም፤ ክላውድ በሚባለው አሠራር ከሩቅ፣ በኢንተርኔት የተከራያቸው ናቸው፤ ኪራዩም የጋራ ቆጣሪ እንዳለው ግቢ የመብራት ሒሳብ፣ በየወሩ ለሁሉም ተጠቃልሎ በአንድ ወረቀት ይመጣል። ማን ምን ያህል እንደተጠቀመ ለይቶ ለየክፍሉ ማከፋፈል የጋሽ መለያ ሥራ ሆነ። እያንዳንዱ የኪራይ ኮምፒውተር፣ በእነሱ አጠራር ማሽን፣ የየትኛው ክፍል እንደሆነ የሚናገር መለያ ይሰጠዋል፤ መለያውንም የሚሰጡት እሳቸው የሚጽፏቸው ደንቦች ነበሩ። ደንቦቹ ከላይ ወደ ታች በተራ ይነበባሉ፤ ማሽኑ መጀመሪያ ከገጠመው ደንብ ጋር ይታሰራል፣ የቀሩት አይመለከቱትም።

ይህን ሥራ ከነሥሩ ያስተማሯቸው በዕድሜ አሥር ዓመት የሚያንሷቸው አንዲት መሐንዲስ ነበሩ። ከጠረጴዛቸው ጎን ወንበር ስበው ሦስት ወር ሙሉ ሳይሰለቹ አሳዩዋቸው፤ “ጋሽ መለያ” የሚለውን ስም ያወጡላቸውም፣ የቢሮውን ስቴፕለር ሳይቀር ስም ሲለጥፉበት አይተው፣ እኚሁ መሐንዲስ ናቸው። መሐንዲሷ ከሦስት ሰዎች ጋር የሚመሩት ክፍል ትንሽ ነበር፤ ሕሙማን መድኃኒት የሚወስዱበት ሰዓት ሲደርስ ስልክ ደውሎ የሚያስታውስ ሥራ ይሠራ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ያነበብነው በእጃችሁ ባለው ወረቀት ላይ አለ። ከዚህ ቀጥሎ የታተመው፣ ጋሽ መለያ በሥራቸው ምስጉን እንደነበሩና የክብር ሽልማት እንደተቀበሉ የሚናገር አንድ አንቀጽ ነው። ወንድማቸው ያን አንቀጽ አያነበውም። በምትኩ የሚያነበው፣ ጋሽ መለያ ሊሞቱ ሦስት ሳምንት ሲቀራቸው በሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነው በገዛ እጃቸው ጽፈው፣ በቀብራቸው ዕለት ለሕዝብ እንዲነበብ አደራ ብለው የሰጡትን ገጽ ነው። ወንድማቸው አደራውን በአፉ ተቀብሎ፣ ሲታተም ግን ገጹን አውጥቶ ሽልማቱን አስገባበት፤ “ለልጆቹ ስም ስል ነው” ብሎም ራሱን አሳመነ።

ገጹ የሚለው ይህን ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የኩባንያው አለቆች ባለቤት የሌለው ወጪ በዛ ብለው በተቆጡ ጊዜ፣ ጋሽ መለያ ከደንቦቹ ሁሉ በታች አንድ የመጨረሻ ደንብ ጻፉ፤ ምንም መለያ ያልተገኘለት ማሽን፣ መጀመሪያ ተከራይቶ ባስነሣው ሰው ክፍል ላይ ይታሰብ የሚል ነበር። ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ ሌላ ሰው ማሽን የማስነሣት ፈቃድም ዕውቀትም ባልነበረው ጊዜ፣ ለሽያጩም፣ ለመጋዘኑም፣ ለደመወዝ ክፍሉም፣ ለለመናቸው ሁሉ ማሽን ሲያስነሡ የኖሩት እኚያው መሐንዲስ ነበሩ። አዲሱ ደንብ ሥራ ላይ በዋለበት ወር ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ማሽኖች ተግተልትለው በመሐንዲሷ ክፍል ስም ሰፈሩ፤ ከነዚያ ውስጥ በእውነት የክፍሉ የነበሩት አሥራ ዘጠኝ ብቻ ናቸው።

አራት ሰው ያለው ክፍል በወጪ ከኩባንያው ሦስተኛ ሆኖ ሲገኝ አለቆቹ ደነገጡ። መሐንዲሷ ወደ ጋሽ መለያ ጠረጴዛ መጥተው “እስቲ ዝርዝሩን አብረን እንየው፣ አንድ ነገር ተሳስቷል” ቢሏቸው፣ ጋሽ መለያ ከኮምፒውተሩ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሡ “ደንቡ ለሁሉም እኩል ነው” ብለው መለሱ። ያስተማሩኝን ሰው ፊት ማየት አቃተኝ፣ ዝርዝሩን ለመክፈትም ሰነፍኩ፣ ይላል ገጹ፤ ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም፣ ተሳስተሃል መባልን ፈርቼ ነው። በወሩ ክፍሉ ተዘጋ፤ አራቱም ሠራተኞች ዕቃቸውን በካርቶን ይዘው ወጡ፤ በየቤቱ መድኃኒታቸውን በዚያ ስልክ ያስታውሱ የነበሩ ሕሙማንም ስልኩ ዝም አለባቸው።

በቀጣዩ ወር የኪራዩ ሒሳብ ሲመጣ ወጪው ቀነሰ ለማለት የሚያስደፍር አልነበረም። ጋሽ መለያ ያን ጊዜ ዝርዝሩን ከፈቱት፤ ክፍሉ ከተዘጋ በኋላም ሁለት መቶ ዘጠና ሦስቱ ማሽኖች የሌሎችን ሥራ እየሠሩ በመሐንዲሷ ስም ሲቆጥሩ አገኟቸው። ጥፋታቸውን በዓይናቸው አዩት። ሁለት ሳምንት ምግብ ሳይበላላቸው፣ ከሰው ሳይጫወቱ ከረሙና ደንቡን ሰርዘው ማሽኖቹን ለየባለቤታቸው መለሱ፤ ለውጡ በሚመዘገብበት ቦታም “መጠነኛ ማስተካከያ” የምትል ሁለት ቃል ብቻ ጻፉ። እያንዳንዱ ወጪ በየባለቤቱ ስም ጥርት ብሎ በመታየቱ አለቆቹ ተደሰቱ፤ ጋሽ መለያ የክፍል ኃላፊ ሆኑ፤ ደመወዛቸው አደገ፤ ስማቸው የተቀረጸበት የመስታወት ሽልማትም በጭብጨባ ተቀበሉ።

ያን መስታወት ቤታቸው ገብታችሁ ያያችሁ ጥቂት ናችሁ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው በቁም ሣጥኑ ላይ አስቀምጠውት ኖረዋል። በዚያ ቤት መለያ ያልተለጠፈበት ዕቃ እሱ ብቻ ይመስል ነበር፤ ከትናንት በስቲያ ግን ልጃቸው አቧራውን ልትወለውል ስታነሣው ከሥሩ በአባቷ የእጅ ጽሑፍ “የእኔ አይደለም” የሚል ልጥፍ አገኘች። አጎቷን ጠርታ አሳየችው። አጎቷም ልጥፉን አንብቦ ከክፍሉ ወጣ።

ከሁለት ዓመት በፊት ጡረታ ከወጡ በኋላ የጉበት ሕመም አገኛቸው። በሕክምና ላይ ሳሉም ጠባያቸው አልለቀቃቸውም፤ ነርሷ የግሉኮሱን ከረጢት በሰቀለች ቁጥር የተጻፈበትን አንብበው ሳይፈቅዱ እጃቸውን አይሰጡም ነበር፤ አንድ ጊዜም አጠገባቸው የተኛውን በሽተኛ መድኃኒት አንቺ ተሳስተሻል ብለው አስመልሰዋል። ገጹን የጻፉት በዚያው አልጋ ላይ ነው። በመጨረሻ ያሰፈሩት ቃል እንዲህ ይነበባል፦ “ይህን ሁሉ ያደረግሁት ማንም ሳይመክረኝ፣ ብቻዬን ነው። ጥፋቱ በሙሉ በእኔ ስም ይጻፍ።” ገጹን ባስረከቡ በሃያ አንደኛው ቀን፣ ማለዳ ላይ፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ በስድሳ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

ልጥፉ በተገኘበት ዕለት ወንድማቸው ወደ መሐንዲሷ ስልክ ደወለ። አስቦ የነበረው ሞታቸውን አርድቶ ለመዝጋት ነበር። እሳቸው ግን ካለቀሱ በኋላ “እኔ እኮ ያኔውኑ ገብቶኛል፤ ደንብ አጻጻፉን ያስተማርኩት እኔ አይደለሁም እንዴ? ጋሽዬ ክፉ ሰው አልነበረም። ዘጠኝ ዓመት የጠበቅኩት እንዲደውልልኝ ብቻ ነው” አሉ፤ ቀጥለውም “ሊደውልልኝ እንደፈለገ አውቃለሁ። ማን ነው የከለከለው?” ብለው ጠየቁ። ወንድማቸው የቀብሩን ሰዓት ብቻ ነግሮ ዘጋ።

መሐንዲሷ ዛሬ እዚህ፣ በመጨረሻው ረድፍ፣ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠዋል። ስለዚህ ከዚህ ወዲያ “ወንድማቸው፣ ወንድማቸው” እያልኩ ከቃሉ ጀርባ መደበቄ ይበቃል። የከለከልኩት እኔ ነኝ። ምግብ ሳይበላለት በከረመባቸው በነዚያ ሁለት ሳምንታት ውስጥ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤቴ መጥቶ፣ በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብሎ ሁሉንም ነገረኝ፤ “ነገ ጠዋት ለእሷም ለአለቆቹም ልናገር ነው” አለኝ። እኔም “ተው አንተ፣ አብደሃል? ልጆች አሉህ። ብትናገር የእሷ ሥራ አይመለስ፣ ያንተም አብሮ ይሄዳል። ዝም ብለህ አስተካክልና እለፈው” አልኩት። ዕድሜ ልኩን ቃሌን አክባሪ ነበር፤ ያን ቀንም አከበረልኝ። በዓመቱ በዚያ ባደገው ደመወዝ የሁለቱንም ዓይኖቼን የሞራ ግርዶሽ አስገፈፈልኝ። ዛሬ የእጅ ጽሑፉን ያለ መነጽር ያነበብኩላችሁ በእነዚያ ዓይኖች ነው። እሱ “ማንም ሳይመክረኝ” ብሎ የጻፈው እኔን ለማዳን ነው፤ በዕድሜው ሙሉ የእኔን ነገር በራሱ ስም የጻፈባት አንዲት መስመር እሷ ናት፣ እውነትም አይደለችም። እመቤቴ፣ እርስዎ የጠየቁኝን በስልክ አፍሬ ያልመለስኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬም አፍሬ ነው የምናገረው፤ በእርስዎና በሦስቱ ባልደረቦችዎ ላይ ከደረሰው ውስጥ የዘጠኝ ዓመቱ ዝምታ የእኔ ነው።

ጋሽ መለያ ከሠላሳ ሦስት ዓመት የትዳር ጓደኛቸው፣ ከሴት ልጃቸው፣ ከወንድ ልጃቸው፣ አምና ከተወለደችው የልጅ ልጃቸው፣ ካስተማሯቸው መሐንዲስና አሁን በፊታችሁ ከቆመው ታላቅ ወንድማቸው ተለይተዋል። ፈጣሪ ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው ብርታቱን ይስጥልን። የማንን የማን ብሎ መለየት ለእሱ አይከብደውምና፣ በወንድሜ ስም የተጻፈውን የእኔን ድርሻ ከላያቸው አንሥቶ በእኔ ላይ ያድርገው፤ ነፍሳቸውንም ቀለል ብሏት በሰላም ያሳርፍልን።