አርባ ሦስተኛዋ ማጉያ

ክቡር ሥራ አስኪያጃችን አቶ ክላይድ፣ ክቡራትና ክቡራን፣ ይህን ሁሉ ኬክ ደርድራችሁ ስለሸኛችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ። ሠላሳ አራት ዓመት የኬብል ምሰሶ፣ ፖል ላይ የወጣች ሴትዮ ዛሬ መድረክ ላይ ቁሚ ብትሏት መውጫው ጠፋት! ሳቁ፣ ሳቁ፤ እኔም ከጠዋት ጀምሮ ሳቄ አልቆም ብሎኛል።

እዚህ ፔንስልቬንያ፣ የከሰሉ ሸለቆ ውስጥ ሥራ ስጀምር የቴሌቪዥን ኬብላችን ቁልቁል ብቻ ነበር የሚያውቀው። ፊልሙ፣ ኳሱ ወደየቤቱ ይወርዳል። ከቤቱ ሽቅብ ማን ምን ይልካል ብለን የተውናት ጠባብ መንገድ አህያ አታሳልፍም ነበር።

ኋላ ሰዉ ሁሉ በምስል ማውራት ጀመረ። የድሮዎቹን የቴሌቪዥን ቻናሎች ቦታ ነጥቀን ለሽቅቡ ሰጠነው። ለዚህም በየፖሉ ያለውን፣ የደከመውን ሞገድ የሚያጎላውን ማጉያ ሣጥን ከፍቶ፣ ሽቅቡንና ቁልቁሉን የሚለየውን ማጣሪያ መቀየር ነው። የቀየረ ሰው ቢጫ ክር ያስራል። ክር ካለ አለቀ፤ ማንም ዳግመኛ አይከፍተውም።

ታዲያ ወይዘሮ ቬልማን ታስታውሳላችሁ? ጆሯቸው የማይሰማው፣ ከእህታቸው ጋር በቪዲዮ፣ በእጅ ምልክት የሚያወሩት? ከዚያ ሥራ በኋላ እህታቸውን ጥርት አድርገው ያያሉ፤ የእርሳቸው ምስል ግን እህታቸው ጋ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቀራል። ሁለት ሳምንት! በመጨረሻ ቢሯችን መጥተው ወረቀት ላይ፣ "እኔ አያታለሁ፤ እሷ ግን አታየኝም" ብለው ጻፉልን። ብንፈልግ ብንፈልግ፣ አርባ ሦስተኛዋ ማጉያ ክሯን አስራ በአሮጌ ማጣሪያ ተቀምጣለች።

"ያ የባልደረባችን የኢርቪን የሥራ ክልል ነው፤ ጥፋቱም የእሱ ነው" ተባለ። ስድስት ዓመት ሙሉ "አርባ ሦስት" እያላችሁ ጠራችሁት። ሰኞ ዕለት ደግሞ አቶ ክላይድ፣ "ያንቺን የአለቃነት ቦታ ለኢርቪን ልስጠው ብዬ ነበር፤ ግን ያቺ ማጉያ..." አሉኝ።

አቶ ክላይድ፣ ያቺን ክር ያሰርኳት እኔ ነኝ! የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ የፒየሮጊ፣ የዚያ ድንች የተሞላ ቅቅል ሊጥ፣ ሽያጭ ሊዘጋ ሆነና፣ "ክሩን ልሰር፤ ማጣሪያውን ከምሳ ስመለስ እቀይራለሁ" ብዬ በረርኩ። ስመለስ ረሳሁት። ነገሩ ሲወጣ ደግሞ ፈራሁ፤ ዝም አልኩ። ኢርቪን፣ በድዬሃለሁ፤ ይቅር በለኝ።

ምን አልክ? ጮክ በል እንጂ!

"አውቃለሁ፤ ከታች መሰላሉን ይዤልሽ አልነበር እንዴ?" ይለኛል!

ስድስት ዓመት? አንተ ሰውዬ! ታዲያ ለምን ዝም አልክ?

"አንቺን ቢያባርሩሽ የእኔን መሰላል ማን ይይዝልኛል?"

ወይ ጉድ! ሶፍት አቀብሉኝ እስኪ። አቶ ክላይድ፣ ሰሙ? እንግዲህ ቦታዬን ለእሱ ይስጡት! አያችሁ፣ እሺ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ!

በሉ ልጆቼ፣ ከመውደቅ ይሰውራችሁ። ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ፤ ጡረታን በጤና ያድርሳችሁ። አሁን ተነሡና አጨብጭቡ፤ ለእኔ ሳይሆን ለአዲሱ አለቃችሁ።