የአባባ ፎቶ በኤ ስሪ

ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ፊት ለፊት ባለች ጠባብ የሕትመት ሱቅ ውስጥ ሁለት ሰዎች አሉ፦ ዲዛይነሯ ረድኤትና በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና የሚነዳው ታፈረ፤ የታፈረ አባት አርባ ነገ ነው፤ ድንኳኑ ውስጥ የሚቆመውን ፎቶ ማሠራት የእሱ ድርሻ ሆኗል።

ታፈረ፦ አይሆንም የምትይው ነገር አልገባኝም። ፎቶው ይኸው! ስልኬን ሙሉ ሞልቶት።

ረድኤት፦ ስልክዎ መዳፍዎን አያህልም፣ ጋሼ። ያዘዙኝ ደግሞ ኤ ስሪ ነው።

ታፈረ፦ ታዲያ ጎትተሽ አሳድጊዋ! ኮምፒዩተር አይደል እንዴ?

ረድኤት፦ መጎተቱን እጎትታለሁ። ፊታቸው ግን ይበተናል። ይዩት እስቲ።

ታፈረ፦ ይሄ ምንድን ነው? አፍንጫው የት ሄደ?

ረድኤት፦ እኔ አልወሰድኩትም።

ታፈረ፦ አትቀልጂብኝ፣ አንቺ ልጅ! ሐዘንተኛ ነኝ።

ረድኤት፦ ነፍስ ይማር። መቀለዴ አይደለም። ይህን ቁጥር ይመልከቱ፤ ሦስት መቶ ስልሳ በአራት መቶ ሰማንያ። ፎቶው የተሠራባቸው ነጥቦች ናቸው፤ ፒክስል ይባላሉ።

ታፈረ፦ አራት መቶ ሰማንያ ነጥብ ለአንድ ሽማግሌ ፊት አነሰ?

ረድኤት፦ አነሰ። ጥርት ያለ ሕትመት በአንድ ኢንች ላይ ሦስት መቶ ነጥብ ይፈልጋል። ኢንች ማለት ሁለት ሴንቲ ተኩል ነው። የእርስዎን በዚያ ሳካፍለው ሦስት ሴንቲ በአራት ሴንቲ ይደርሰዋል።

ታፈረ፦ ሦስት በአራት?

ረድኤት፦ አዎ። ጉርድ ፎቶ።

ታፈረ፦ መታወቂያ ላይ ልለጥፈው ነው እንዴ? ሁለት መቶ ሰው የሚቀመጥበት ድንኳን ነው!

ረድኤት፦ ለዚያ ነው የምነግርዎ። ኤ ስሪ ወርዱ ሁለት መቶ ዘጠና ሰባት ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ አራት መቶ ሃያ ነው። ወደ ነጥብ ሲመለስ ሦስት ሺህ አምስት መቶ ስምንት በአራት ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ አንድ ይሆናል።

ታፈረ፦ ግማሹስ? ሰው ከሩቅ ነው የሚያየው።

ረድኤት፦ ይህን ያሉት ልክ ነው። ግማሹ ይበቃኛል። የእርስዎ ግን የግማሹንም ሩብ አይሞላም።

ታፈረ፦ ሌላ ቤት እሄዳለሁ።

ረድኤት፦ ይሂዱ። ጎትተው ያትሙልዎታል። ነገ ሰዉ «ይሄ ደግሞ ማነው?» ሲል የሚሰሙት ግን እርስዎ ነዎት።

ታፈረ፦ ወይ ምላስ!

ረድኤት፦ ዋናው ይምጣ ነው የምለው። ማነው ያነሣቸው?

ታፈረ፦ እኔ ነኛ! ማን ሊሆን ኖሯል?

ረድኤት፦ እንግዲያው ተገላገልን። ስልክዎ ውስጥ አለ ማለት ነው። ያቀብሉኝ።

ታፈረ፦ በዚህ ስልክ አይደለም። በድሮው ነው። ጋላፊ፣ ድንበሩ ላይ ጠፋብኝ።

ረድኤት፦ መቼ ነበር ያነሧቸው?

ታፈረ፦ ለፋሲካ። ቤት፣ ሶፋው ላይ። ምነው? መርማሪ ሆንሽ እንዴ?

ረድኤት፦ ሶፋ?

ታፈረ፦ ሶፋ አልኩሽ!

ረድኤት፦ ጋሼ፣ ይህ ከትከሻቸው ጀርባ ያለው ነጭ ነገር የአልጋ ብረት ነው። ይቺ ቀጭኗ ደግሞ የግሉኮስ ቱቦ ትመስላለች።

ታፈረ፦ የቷ?

ረድኤት፦ ይቺ። ሐኪም ቤት ናቸው።

ታፈረ፦ እየሳቀ እኮ ነው።

ረድኤት፦ አዎ፣ እየሳቁ ነው።

ታፈረ፦ እኔማ እቤት የተነሣ መስሎኝ…

ረድኤት፦ ውኃ ልስጥዎ?

ታፈረ፦ አልፈልግም። ዘነቡ ናት ያነሣችው። ታናሽ እህቴ። ከቴሌግራም ፕሮፋይሏ ላይ ነው የወሰድኩት፤ ስክሪንሾት አንሥቼ፣ ዙሪያውን ቆርጬ። አወቅሽ? ደስ አለሽ?

ረድኤት፦ አላለኝም። ግን ለምን እንዳነሰ ገባኝ። ይደውሉላት፤ ዋናው እሷ ጋ አለ።

ታፈረ፦ አልደውልም።

ረድኤት፦ ተጣልታችኋል?

ታፈረ፦ ብንጣላማ ጥሩ ነበር። አትሰድበኝ፣ አትጮኽብኝ! አራት ወር ስታስታምመው እኔ «በሚቀጥለው ጉዞ እመጣለሁ» እላለሁ። የቀብሩ ዕለት «መጣህ?» አለችኝ፤ በቃ። ድንኳኑን እሷ፣ ድግሱን እሷ፣ ካህናቱን እሷ። አጎታችን ነው «ፎቶውን እንኳ ታፈረ ያሠራ» ያለው። እንኳ!

ረድኤት፦ ቢጠይቋት ትከለክልዎታለች?

ታፈረ፦ አትከለክለኝም። «አንተ ያነሣኸውስ?» ትለኛለች።

ረድኤት፦ አሁን ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። አሥራ አንድ ላይ መብራት ይጠፋል ብለውናል።

ታፈረ፦ አንቺ ደውይላት። ከሕትመት ቤት ነው በያት።

ረድኤት፦ እኔ ልደውል። «ወንድሜ አጠገብሽ አለ?» ብትለኝስ? የለም ልበላት?

ታፈረ፦ …ተይው፣ እኔው እደውላለሁ።

ረድኤት፦ እንደ ፎቶ እንዳትልከው ይንገሯት፤ ቴሌግራም ጨምቆ ያሳንሰዋል። በፋይል ይሁን።

ታፈረ፦ በፋይል፤ እሺ። ዝም በይ፣ እየጠራ ነው። ሃሎ? ዘነቡ? እኔ ነኝ… አይ፣ መኪናው ደህና ነው፤ ምንም አልሆንኩም። ለዚያች ለአባባ ፎቶ ነው። ዋናውን በፋይል ላኪልኝ… አዎ፣ ያቺን የሚስቅባትን… የእኔ? የእኔማ… የለኝም፣ ዘነቡ። አንድም የለኝም።

ዘነቡ ስልኳ ላይ ያለውን የአባታቸውን ፎቶ ሁሉ፣ ስልሳ ሁለቱንም፣ በፋይል ላከች፤ ታፈረ አንዱን ለመምረጥ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጠ፤ ረድኤትም የመረጠውን መብራት ሳይጠፋ አተመችለት።