በግራ የታቀፈ ድንች

እኛ ጉልበት ሳለን፣ ልጄ፣ ጉሙ እስኪነሳ ላጫውትሽ፣ እዚህ ደዶ ውስጥ ድንች የሚተከለው ለብቻው ነበር፣ በቆሎም ለብቻው። ሁለቱን አንድ ማሳ ላይ ያጋባቸው የኔ ባል አባ ፊጣ ነው፣ አላህ ይዘንለት። አንድ መስመር በቆሎ፣ አጠገቡ ድንች፣ ደግሞ በቆሎ። ሰው ሳቀበት። «አባ ፊጣ ማሳው ወጥ መሰለው እንዴ፣ ሁሉን የሚቀላቅለው!» ይሉታል። እሱ ደግሞ «አንዱ ቢከዳኝ አንዱ ያበላኛል» ይላል። ታዲያ ግራኝ ነበር፤ ዶማ የሚይዘው በግራ ነው፣ እና ለድንቹ አፈር ሲያስታቅፍ፣ ሥሩ ላይ ሲከምርለት፣ ክምሩ ሁሌ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል። እንደዚያ የሚያስታቅፍ ሌላ ሰው በሀገሩ አልነበረም። ይህን ያዢልኝ፣ እሺ?

እና ሞተ። ወንድሙ አባ ዱራ መጣ፤ በሬ ያለው እሱ ነው፣ እኔ ያለኝ ማሳ ብቻ ነው። «ዘይነባ፣ ይሄን ቅልቅል የሴት ጉልበት አይችለውም፤ በቆሎ ብቻ ዝሪ» አለኝ። እሺ አልኩ። አረሰልኝ፣ በቆሎ ዘራን። ታዲያ በቆሎው ጉልበት ላይ ሲደርስ መሀል መሀሉን ድንች በቀለ! ማንም አልተከለው። አባ ዱራ «አምና ሲለቀም የቀረ ነው» አለ። እኔም እንደዚያው አልኩ። ግን በሬ የገለባበጠው ድንች፣ ልጄ፣ ተሰልፎ ይቆማል እንዴ?

እና አንድ ጠዋት ብሄድ ድንቹ አፈር ታቅፏል። በግራ።

አባ ዱራን ጠራሁት። ሲያየው ፊቱ አመድ መሰለ።

«አኡዙ ቢላሂ! ይሄ የጂን ሥራ ነው። ንቀይው!»

«አልነቅልም።»

«ካልነቀልሽ በሬዬ መሬትሽን አይረግጥም። ማሳውን ለእኔ ስጪኝና ልጅሽ ጋ ከተማ ግቢ፣ ቦሳ ኪቶ!»

እና ምን ላድርግ? ብነቅል የባሌን እጅ የነቀልኩ መሰለኝ፤ ባልነቅል ማሳዬ ሊሄድ ነው። በማግስቱ እንዲህ እንደዛሬው ጉሙ ሳይነሳ ወደ ማሳው ወረድኩ። በቆሎው አይታይም፣ ድምፅ ብቻ ነው፤ ጭፍ... ጭፍ... ጭፍ። ዶማ ነው። «አባ ፊጣ?» አልኩ። ታዲያ ንፋስ የለም፣ ቅጠሉ ግን ተንሿሿ፣ ድምፁ ወደ እኔ መጣ፣ መጣ፣ መጣና አጠገቤ ቆመ። ጎንበስ ብዬ አፈሩን ነካሁት። ሞቋል፤ ሰው ተቀምጦበት እንደተነሳ መደብ ሞቋል። «ቢስሚላህ» አልኩ። የበቆሎ ቂጣ ይወድ ነበር፤ የያዝኩትን ዳር ላይ አስቀመጥኩና «ጀባዱ፣ በርታ» ብዬው ዞሬ ሳላይ ሄድኩ።

አልነቀልኩም። ታዲያ ዝናቡ ሲበረታ የድንች በሽታ ገባ። የአባ ዱራ ድንች ለብቻው ነው፣ ተጠጋግቶ፤ ቅጠሉ ጠቆረ፣ ማሳው ሸተተ። የኔን በቆሎው ከለለው፤ በሽታው ከመስመር መስመር መዝለል አቃተው፤ ነካ ነካ አደረገው እንጂ አልገደለውም። ድንቹን አወጣሁ፣ ቆየሁና በቆሎውን ሸለቀቅሁ። ከአንድ ማሳ ሁለቴ!

እና ማን መጣ? አባ ዱራ! አንገቱን ደፍቶ «ዘይነባ... ከዚያ ከጂኑ ድንች... ለዘር ስጪኝ።» ሰጠሁት። የእርሻ ጊዜ ሲደርስ በሬውን ራሱ ነድቶ መጣ፤ ስለ ቦሳ ኪቶ አፉን አልከፈተም። እሱም በማሳው በበቆሎ መሀል ተከለ። ታዲያ አንድ ጠዋት ጫማ እንኳ ሳያደርግ እየሮጠ መጣ።

«ዘይነባ! የኔም ማሳ!»

«ምን ሆነ?»

«ታቅፏል! በግራ!»

«ታዲያ ምን ያስጮኽሃል? ወንድምህ አይደል? ቁርሱን አድርስለት!»

ሃ ሃ ሃ!

«አዴ ዘይነባ፣ እርስዎ ግን አይፈሩም?»

እፈራለሁ እንጂ፣ ልጄ። ለዚህ አይደል ዘንድሮም ድንቹን ተክለን አፈር ማስታቀፉን ለእሱ ትተን የማንነካው? ካላመንሽኝ ውረጂና ስሚ፤ ጉሙ ገና አልተነሳም። ቂጣውንም ያዢለት።